መስኮቱ ብዙ፣ ወረፋው አንድ፦ በጃቫ ስዊንግ የኢቨንት አያያዝ

እንደሚታወቀው የፕሮግራሚንግ የመጀመሪያ ልምምዶች በአንድ መስኮት ያልቃሉ፤ አንድ በተን፣ አንድ ሊስነር፣ በቃ። ወደ ፕሮጀክት ሲገባ ግን መስኮቱ ሁለትና ሦስት ይሆናል፤ ችግሩም እዚያ ላይ ይጀምራል። በዚህ ጽሑፍ በመስኮቶች መካከል ኢቨንት (ክስተት) እንዴት እንደሚያዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ከጃቫ 1.2 ጋር የወጣውን ስዊንግን ምሳሌ አድርገን እንመለከታለን።

የተማሪዎች ውጤት መመዝገቢያ ፕሮግራም እንውሰድ። ዋናው መስኮት ውጤቱን በሠንጠረዥ ያሳያል። “አስተካክል” ሲባል ሁለተኛ መስኮት ይከፈታል። የሬጅስትራር ሠራተኛዋ “ሲ” የነበረውን “ቢ” አድርጋ “መዝግብ” የሚለውን ትጫናለች። ዳታቤዙ ተቀይሯል፤ ዋናው መስኮት ግን አሁንም “ሲ” ነው የሚለው። ከዚያው ሠንጠረዥ ላይ ብታትም ተማሪው የተሳሳተ ወረቀት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ነገሩ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚታየው ሙከራ፣ በሁለተኛው መስኮት ኮድ ውስጥ “ኒው” ብሎ ዋናውን መስኮት እንደገና መፍጠርና ሠንጠረዡን እንዲያድስ መጥራት ነው። ይህ አይሠራም። “ኒው” ማለት ሌላ ኦብጀክት ማለት ነው፤ የታደሰው አዲሱ ሲሆን ስክሪኑ ላይ ያለው ግን የቀድሞው ነው። ሁለቱ አይተዋወቁም።

ትክክለኛው መንገድ ሁለተኛው መስኮት ሌላውን ከማዘዝ ይልቅ የሆነውን ነገር እንዲናገር ማድረግ ነው። መጀመሪያ “ውጤት ተቀይሯል” የሚል አንድ ሜተድ ያለው ኢንተርፌስ እንጽፋለን። ዋናው መስኮት ይህን ኢንተርፌስ ኢምፕሊመንት ያደርጋል፤ ሁለተኛውን ሲከፍትም ራሱን በአድማጭነት ያስመዘግባል። ዳታው በትክክል ሲቀመጥ ሁለተኛው መስኮት የተመዘገቡትን አድማጮች በሙሉ ይጠራል፤ ዋናውም ሠንጠረዡን ያድሳል። ነገ ሦስተኛ መስኮት ቢመጣ እሱም ይመዘገባል እንጂ የሁለተኛው ኮድ አይነካም። በተንና አክሽንሊስነር የሚገናኙትም በዚሁ ዘዴ ነው።

ሦስት ነገሮች ልብ ይባሉ፦

1. መስኮቱ ብዙ ቢሆንም ኢቨንቶችን የሚያስተናግደው ትሬድ አንድ ነው። የሁሉም መስኮት ክሊክ በአንድ ወረፋ ተሰልፎ በየተራው ይስተናገዳል። አንዱ ሊስነር ረጅም የዳታቤዝ ሥራ ይዞ ከቆመ፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል፤ መስኮቶቹም በሙሉ ይደርቃሉ። እንዲህ ያለ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2006 ከጃቫ 6 ጋር ለመጣው ለስዊንግዎርከር ይሰጥ።

2. ሁለተኛውን መስኮት “ኤግዚት ኦን ክሎዝ” ካልነው እሱ ሲዘጋ ፕሮግራሙ በሙሉ ይዘጋል። ለእሱ የሚሆነው “ዲስፖዝ ኦን ክሎዝ” ነው።

3. ሠራተኛዋ ማስተካከሉን ሳትጨርስ ወደ ዋናው መስኮት መመለስ ከሌለባት፣ ሁለተኛው በጄፍሬም ፋንታ ሞዳል ጄዳያሎግ ይሁን። መስኮቱን የሚያሳየው መስመር ዳያሎጉ እስኪዘጋ ድረስ አያልፍም፤ ስለዚህ ከሥሩ “ሠንጠረዡን አድስ” ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ ሊስነርም ላያስፈልግ ይችላል።

በአጠቃላይ፣ መስኮቶች እርስ በርስ ባወቁ ቁጥር ኮዱ ይተበተባል። ፕሮጀክታችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ሁለቱን መስኮቶች ጎን ለጎን ክፈቱና “መዝግብ”ን ተጫኑ። ዋናው መስኮት ወዲያው ካልተቀየረ፣ ሥራው ገና አላለቀም ማለት ነው።