ዕጣ የደረሳቸው ተሳፋሪዎች

 

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ወንድምና እህቶች፣ የመርከቡን ሐዲስ ታስታውሳላችሁ? ኑዕማን ኢብኑ በሺር (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ ቡኻሪ የዘገቡት ነው። ሰዎቹ ዕጣ ይጣጣሉና ከፊሉ ላይ፣ ከፊሉ ታች ይደርሰዋል። ልክ እንደኛ! የታችኞቹ፣ ውሃ ለመቅዳት መመላለሳችን ላዮቹን እንዳያስቸግር ብለው የድርሻቸውን ወለል ሊበሱ ያስባሉ። ልብ በሉ፣ ክፋት አላሰቡም። ግን ላዮቹ ዝም ካሏቸው ሁሉም ይጠፋል፤ እጃቸውን ከያዟቸው ሁሉም ይድናል።

በ1995 የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370ም የጋራ የሆነውን ማስተዳደር ለቤት ባለቤቶች ማህበር ነው የሰጠው። ጣሪያው፣ ደረጃው፣ የፍሳሽ መስመሩ የማንም የብቻ አይደለም።

እኔ በምኖርበት ብሎክ ጣሪያው ሲያፈስ ምድር ላይ ያለነው «እኛን አይነካንም» ብለን መዋጮ ከለከልን። አዎ፣ ሐዲሱን እያስተማርኩ እኔም ነበርኩበት። ክረምቱ ሲገፋ ውሃው በግድግዳው ወርዶ ቆጣሪዎቹ ጋ ደረሰ፤ ሁላችንም ጨለማ ውስጥ አደርን።

ዛሬ በየወሩ እናዋጣለን። ቧንቧ ሲፈነዳ የማንንም ቢሮ ደጅ አንጠናም፤ ባለሙያ ጠርተን እናሠራለን። ሒሳቡ ደረጃው ሥር ይለጠፋል። ገንዘብ ያዣችን የአራተኛ ፎቋ እናት ናቸው፤ ክርስቲያን ናቸው፤ የአምስት ብር ደረሰኝ እንኳ አይጥሉም። አማና ሲባል እሳቸው ትዝ ይሉኛል። ጣሪያው የሚያፈሰው እሳቸው ላይ ነበር፤ አውፍ በሉኝ ብያቸዋለሁ።

ውዝፍ መዋጮ ያለባችሁ፣ የጎረቤት ሐቅ ነውና ከጁሙዐ መልስ የገንዘብ ያዣችሁን በር አንኳኩ።