የሚጠቅም ዕውቀትና አማና



ሰው ሲሞት ምንዳቸው ከማይቋረጥ ሦስት ሥራዎች አንዱ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዕውቀት መሆኑን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ለዚህ አንድ የዘመናችን ምሳሌ እንይ። «ኦፕንኒውሮ» በተባለው የኢንተርኔት ማኅደር ተመራማሪዎች በኤምአርአይ ያነሷቸውን የአንጎል ምስሎች ማንም እንዲጠቀምባቸው በነፃ ያስቀምጣሉ። መልካ ጀብዱ ቤቱ ላፕቶፕ ይዞ የተቀመጠ ተማሪ መሣሪያው ባይኖረውም በእውነተኛ ምስል ምርምር መጀመር ይችላል።

«ምስሎቹ ከባድ ናቸው፤ ኔትወርካችን አይችላቸውም» እንዳትሉ። «ዳታላድ» በተባለው ነፃ ሶፍትዌር መጀመሪያ የፋይሎቹን ዝርዝር ብቻ ታወርዳላችሁ፤ ከዚያ የምትፈልጉትን ምስል ለይታችሁ ታመጣላችሁ። የፋይሎቹ አሰያየምና አቀማመጥ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነውን «ቢድስ» የተባለ ደንብ ስለሚከተል፣ የማታውቁት ሰው ያዘጋጀውን መረጃ ማንበብ አይቸግራችሁም።

ነገር ግን ምስሉ አማና ነው። ከጭንቅላት ምስል የሰውየውን ፊት መልሶ ማውጣት ይቻላል። ስለዚህ ምስሉ ከመውጣቱ በፊት ስሙ ይሰረዛል፤ የፊቱም ክፍል ይቆረጣል። አላህ (ሱ.ወ) አማናን ለባለቤቱ እንድናደርስ አዞናል (አን-ኒሳእ፡ 58)። ሰው ያልፈቀደውን ምስል ለኸይር ብሎ መበተንም አማናን ማጉደል ነው።

ነገ የራሳችሁን መረጃ ስትሰበስቡ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ማንነቱን ሰውሩ፤ ከዚያ አካፍሉ። አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን።