በጨለማው ሥዕል ውስጥ ሐዘኑ ያለው የት ነው?

ባለፈው ሰሞን የሆላንዳዊውን ሠዓሊ የሬምብራንትን «የጠፋው ልጅ መመለስ» የተባለ ሥዕል ቅጂ ይዘን ተወያይተን ነበር። ቅጂው ከመዳፍ ብዙ አይበልጥም። ዋናው ሥዕል ግን በሩሲያ፣ በሴንት ፒተርስበርግ ኤርሚታዥ ሙዚየም የሚገኝ ሲሆን ቁመቱ 2 ሜትር ከ62 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው።

ገና እንዳየነው ብዙዎቻችን «ያሳዝናል» አልን። ምኑ ነው የሚያሳዝነው? በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የተጻፈው እኮ የደስታ ታሪክ ነው። አባት ይሮጣል፤ ልብስና ቀለበት ይመጣል፤ የሰባው ፍሪዳ ይታረዳል። ሠዓሊው ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላሳየንም። አባት ጐንበስ ብሎ ቆሟል፤ ልጅ ተንበርክኮ ራሱን በአባቱ ደረት አስጠግቷል። ሐዘን መስሎ የታየን ይህ ጸጥታ ነው። ሬምብራንት ያረፈው በ1669 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ልጁ ቲቶም አንድ ዓመት ቀድሞት ሞቷል። ሥዕሉም የመጨረሻ ዘመኑ ሥራ ነው።

እንግዲህ ከመተርጐም በፊት የሚታየውን መቁጠር ይገባል። የልጁ ራስ ተላጭቷል፤ ልብሱ ነትቧል፤ አንዱ ጫማው ወልቆ ውስጥ እግሩ ይታያል። ፊቱ በጐን ስለሆነ አንድ ጓደኛችን «ገና ክፉ ነው ማለት ነው» አለ። በቤተ ክርስቲያናችን የጥንት ሥዕሎች ክፉ ሰው በጐን፣ በአንድ ዐይን ስለሚሣል ነው። ይህ ግን የእኛ ሥዕል ቋንቋ ነው፤ ሆላንዳዊውን በእርሱ ማንበብ አይቻልም። የአባትየው ሁለት እጆች እንደማይመሳሰሉ አይተው «አንዱ የአባት፣ አንዱ የእናት እጅ ነው» የሚሉም አሉ። ያምራል፤ ነገር ግን ሠዓሊው ስለዚህ የተወልን ቃል ስለሌለ አጥብቀን ባንይዘው ይሻላል።

እኛን ይበልጥ ያቆየን በቀኝ በኩል ቀጥ ብሎ የቆመው ሰው ነው። ብዙዎች ታላቅ ወንድም ነው ይላሉ። በወንጌሉ በዚያ ሰዓት እርሻ ላይ ነበረ፤ ሠዓሊው ግን አስቀድሞ አመጣው። እንደ አባቱ ቀይ ለብሷል፤ ብርሃንም ፊቱ ላይ ወድቋል። ሆኖም የአባቱ እጆች በልጁ ጀርባ ላይ ተዘርግተው ሳለ የእርሱ እጆች በበትሩ ላይ ተደራርበዋል። በመካከላቸውም ባዶ ጨለማ አለ። በሥዕሉ ሐዘን ካለ፣ በእኛ አስተያየት፣ ከተቀዳደደው ልብስ ይልቅ በዚህ ባዶ ቦታ ላይ ነው።

«ቀጥሎ ይራመዳል ወይስ ይቀራል?» በሚለው ሁለት ወገን ሆነን ስንከራከር መሸ፤ ሳንስማማም ተለያየን።