ከፍታ ወይስ ማርሽ? ያረጁ ላንድ ክሩዘሮችን ለአለታማ መሬት ስለማዘጋጀት፦ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ጋራዦች ልማድ ሲፈተሽ

መግቢያ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጎፋ እስከ ሳሪስ ባሉት ጋራዦች፣ አርባ ዓመት ያለፋቸው ላንድ ክሩዘሮች ሻንሲያቸው ብቻ እስኪቀር ተፈታተው ማየት የተለመደ ነው። የሚበዙት ለከተማና ለገጠር መንገድ ይጠገናሉ። ጥቂቶቹ ግን መንገድ ወደሌለበት ስፍራ ሊሄዱ ይዘጋጃሉ፤ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እነዚህን ነው። ጥያቄውም አንድ ነው፦ ገንዘቡ ውስን የሆነ ባለንብረት ተሽከርካሪው በአለት ላይ እንዲያዘግም ቢፈልግ በቅድሚያ ምኑን ይለውጥ?

በጋራዦቹ የሚሰጠው መልስ በአብዛኛው «ከፍ ይበል» የሚል ነው። የባሌስትራ ቅጠል ይጨመራል፤ ሰፊና ረጅም ጎማ ይገባል። ጸሐፊው ይህ ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነው የሚል አቋም አለው፤ ምክንያቱን በቀላል ስሌት ለማሳየት ይሞክራል።

ጉዳዩ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ብቻ አይደለም። በካሊፎርኒያ የሩቢኮን መንገድ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ በጂፕ አለት መውጣት የበዓል ጉዞ ሆኗል። በእኛ አገር ግን ተመሳሳዩን ሥራ የሚሠራው እንጀራውን የሚጋግርበት ሾፌር ነው። ከባሕር ወለል በላይ 613 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ኤርታ አሌ ለመድረስ ጎብኚዎችን የጫኑ ላንድ ክሩዘሮች እስከ ዶዶም ካምፕ ድረስ የረጋ ላቫ ሲያቋርጡ ኖረዋል፤ የመጨረሻው ክፍል ለረጅም ዓመታት ከእግረኛ ባልፈጠነ ጉዞ የሚታለፍ ነበር። እዚያ የተሰበረ መኪና ጎታች አይደርስለትም። አዲስ መግዛትም እየከበደ ሄዷል፦ የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚጣለውን ታክስ አክብዷል፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። ያለውን ማቆየት ግዴታ በሆነበት ወቅት አጠጋገኑን በስሌት መፈተሽ ተገቢ ይሆናል።

የማዝገም ስሌት

እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 የተመረተው ባለ 40 ሲሪስ ላንድ ክሩዘር ከካምቢዮው ቀጥሎ ትራንስፈር፣ ማለትም ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍል ሳጥን አለው። የዚህ ሳጥን ዝቅተኛ ማርሽ ፍጥነትን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። አንደኛ ማርሽ 4.8፣ ትራንስፈሩ 2.0፣ ዲፍረንሻሉ 4.1 ነው ብንል ብዜቱ 39.4 ይሆናል፤ ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ ወደ 39 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 700 ዙር ቢሠራና የጎማው ቁመት 80 ሳ.ሜ ቢሆን ተሽከርካሪው በሰዓት 2.7 ኪ.ሜ ይጓዛል። ይህ ዘና ብሎ ከሚሄድ ሰው ያነሰ ፍጥነት ሲሆን ሾፌሩ ፍሪሲዮን ሳይረግጥ አለቱን እንዲወጣ ያስችለዋል።

አሁን ጎማው 88 ሳ.ሜ ይሁን። ከዲፍረንሻሉ ሥር ያለው ክፍተት የሚያድገው በ4 ሳ.ሜ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የሚጨመረው የልዩነቱ ግማሽ ነው። ፍጥነቱ ግን ወደ 3 ኪ.ሜ ይደርሳል፤ የሚስበው ኃይል ከአሥር እጅ አንድ እጅ ገደማ ይቀንሳል። ጎማ አሳድጎ ማርሽ ያልነካ ባለንብረት 4 ሳ.ሜ የገዛው ፍሪሲዮኑን በመክፈል ነው። ጎማው እንዳለ ሆኖ ትራንስፈሩ 2.5 ቢደረግ ፍጥነቱ ወደ 2.4 ኪ.ሜ ይወርዳል፤ የጠፋው ኃይልም ተመልሶ ትርፍ ይኖረዋል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ወጪ መነሳት አለበት። ብዙዎች የቆየውን ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ አውጥተው ባለ አምስቱን ያስገባሉ። ለአስፋልት መልካም ነው፤ አምስተኛው ማርሽ ሞተሩን ያሳርፋል። ለአለት ግን የሚያመጣው ለውጥ በየትኛው አሮጌ ካምቢዮ እንደተተካ ይወሰናል፦ ከባለ አራቶቹ አንዱ አንደኛ ማርሹ 4.9 ገደማ ስለሆነ ከባለ አምስቱ 4.8 ጋር ልዩነት የለውም፤ ሌላው ግን 3.6 ገደማ ነው። ከመግዛት በፊት የትኛው እንዳለ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ባሌስትራ፦ የጥንካሬ ትርጉም

የጋራዦቻችን ቋንቋ ከጣሊያን የወረሰው ብዙ ነው፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ክሪክ። (የክፍለ ከተማው ስምም ቢሆን ከቴክኒክ የመጣ ነው፤ ንፋስ ስልክ ያለ ሽቦ የሚሠራው መገናኛ ነበር።) ከቃላቱ ጋር የጭነት መኪና አስተሳሰብም አብሮ የተወረሰ ይመስላል። በዚህ አስተሳሰብ ጥሩ ባሌስትራ ማለት የማይታጠፍ ባሌስትራ ነው፤ እህልና ሲሚንቶ ለሚጭን ሰው ይህ እውነት ነው።

በአለት ላይ ግን ተቃራኒው ይፈለጋል። አንዱ የፊት ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ በዚያው ጎን ያለው የኋላ ጎማ ወደ ታች ተዘርግቶ መሬት ሊነካ ይገባል። ቅጠል በተጨመረ ቁጥር ባሌስትራው ይደርቃል፤ ጎማው አየር ላይ ይቀራል። ተራ ዲፍረንሻል ደግሞ ለሁለቱ ጎማዎች እኩል ጉልበት ስለሚሰጥ፣ አየር ላይ ያለው ያለ ምንም መቋቋም ሲዞር መሬት የያዘውም ጉልበት አጥቶ ይቆማል። ስለዚህ ለአለት ተብሎ የተጨመረው ቅጠል መኪናውን በአለት ላይ የሚያቆመው ሆኖ ይገኛል። የተሻለው መንገድ ቁጥራቸው የበዛ ነገር ግን ቀጫጭን ቅጠሎችን መጠቀም፣ በቅጠሎቹ መካከል ያለውን ዝገት ማጽዳትና መቀባት፣ የደረቁ ጎሚኒዎችን መለወጥ ነው። የመጨረሻው ርካሽ ሲሆን ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

የተሰበረ ቅጠልን መበየድ ግን በምንም መመዘኛ ሊደገፍ አይችልም። የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በማሞቅና በፍጥነት በማቀዝቀዝ ነው። ብየዳው በመገጣጠሚያው ዳር ጠንካራ ግን ተሰባሪ ክፍል ይፈጥራል፤ ቅጠሉም በዚያው ጎን እንደገና ይሰበራል፤ የሚሰበረውም ጭነት በበዛበት ቁልቁለት ላይ ነው። ዲፍረንሻልን በዝዶ መቆለፍም እንዲሁ። በላቫ ላይ ይሠራል፤ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ግን በእያንዳንዱ መታጠፊያ ሁለቱ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ ስለሚያስገድድ ጎማ ይበላል፣ የጎማ ዘንግ ይቆርጣል። የሚከፈትና የሚዘጋ መቆለፊያ ውድ ቢሆንም መኪናው በሁለቱም መሬት እንዲኖር ያደርጋል።

ከፍታና ሚዛን

በሁለቱ ጎማዎች መካከል 1.45 ሜትር ስፋት ያለውና የክብደት ማዕከሉ 80 ሳ.ሜ ላይ የሆነ መኪና ሳይንቀሳቀስ ሊቆም የሚችለው እስከ 42 ዲግሪ ገደማ ባጋደለ መሬት ነው። ማዕከሉ 10 ሳ.ሜ ከፍ ሲል ወሰኑ ወደ 39 ይወርዳል። 2,400 ኪሎ በሚመዝን መኪና ጣሪያ ላይ፣ በ2.1 ሜትር ከፍታ፣ 200 ኪሎ የሚሆን ፍራሽና የውኃ ጃሪካን መጫን ብቻውን ያንኑ 10 ሳ.ሜ ይጨምራል። ባሌስትራውን ካስረዘሙ በኋላ ጣሪያውን የሚጭኑ ሁለቱን ይደምራሉ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ ባሌስትራው ሲታጠፍና መኪናው ሲናወጥ እውነተኛው ወሰን ከዚህ ያንሳል። ከፍ ያለ መኪና የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠርና የካርዳኑ ማዕዘን እንዳይበዛ መታየቱም አይቀርም።

የአዲስ አበባ አየርና የአፋር ሙቀት

ይህ ክፍል በጋራዦቹ ከሚጠበቀው በላይ ይመዝናል። በ2,300 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ተርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር በቂ አየር ስለማያገኝ «ደከመ» ይባላል፤ መካኒኩም የፖምፓውን ቡሎን አዙሮ ነዳጅ ይጨምራል። በአዲስ አበባ ውጤቱ ጥቁር ጭስ ነው። መኪናው ወደ ዳናክል ሲወርድ ግን በ45 ዲግሪ ሙቀት እንኳ እያንዳንዱ ሊትር አየር በአዲስ አበባ በ20 ዲግሪ ካለው ከአምስት እጅ አንድ እጅ በላይ ይከብዳል። ከተማ ውስጥ በጭስ የወጣው ትርፍ ነዳጅ እዚያ ይቃጠላል፤ ሙቀት ይሆናል። ያውም መኪናው በእግረኛ ፍጥነት ሲጓዝ፣ የማቀዝቀዣው ፋን ከሞተሩ ጋር አብሮ ሲዘገይ፣ በራዲያተሩ የሚያልፈው አየር አነስተኛ በሆነበት ሰዓት። ስለዚህ ለዚህ ጉዞ የሚዘጋጅ ፖምፓ አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ደካማ ሆኖ መቅረት አለበት፤ ራዲያተሩም ተፈትቶ መታጠብ አለበት።

የማርሽ ብዜቱን ያለ መጽሐፍ ማወቅ

የአንድ አሮጌ መኪና ካምቢዮ፣ ትራንስፈርና ዲፍረንሻል ከተለያዩ መኪኖች ተሰብስበው ሊሆን ስለሚችል በሊብሬው ላይ የተጻፈው ስለ ማርሹ የሚናገረው የለም። በየትኛውም ጋራዥ ሊሠራ የሚችል መለኪያ አለ። የፊት ጎማዎች በታኮ ይያዛሉ፤ የፊት ሃቦች ይፈታሉ፤ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች በክሪክና በጠንካራ ማቆሚያ ይነሳሉ፤ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቃል። በጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ አንደኛ ማርሽና የትራንስፈሩ ዝቅተኛ ማርሽ ገብተው፣ ሞተሩ ከፊት ባለው ፑሊ በቁልፍ በእጅ ይዞራል። ሁለቱም ጎማዎች እኩል ዞረው አንድ ሙሉ ዙር እስኪያደርጉ ፑሊው የዞረበት ቁጥር የመኪናው ብዜት ነው። አንዱ ጎማ መሬት ይዞ ሌላው ብቻ ከተነሳ ግን የተነሳው በእጥፍ ስለሚዞር የተቆጠረው በሁለት መባዛት አለበት። ቁጥሩ ከ40 ካነሰ ቀጣዩ ገንዘብ ወደ ትራንስፈሩ፣ ከ50 ካለፈ ወደ ባሌስትራው ጎሚኒና ወደ ዲፍረንሻል መቆለፊያው ቢሄድ ይሻላል።