የ«ስድሳዎቹ» ዘፈኖች፦ በየትኛው አቆጣጠር?

በዘንድሮው የትምህርት ዘመን የአማርኛ ክፍላችን ለወላጆች አንድ ጥያቄ ልኮ ነበር፦ ከስድሳዎቹ ዘፈኖች የሚወዱትን አንድ መርጠው፣ ለምን እንደሚወዱት ለልጃቸው እንዲነግሩ። ጥያቄው ቀላል ይመስል ነበር። መልሶቹ ሲመጡ ግን ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ክርክሩን ያስነሣው የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ነው። ከተማሪዎቻችን አንዱ ስልክ ላይ ፈልጎ «ይህ የ1975 ዘፈን ነው፤ ስድሳዎቹ ውስጥ አይገባም» አለ። ዘፈኑን የመረጡት አባት ደግሞ «በ1967 የወጣ ዘፈን እንዴት ከስድሳዎቹ አይቆጠርም?» ብለው መለሱ።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ልጁ የቆጠረው ኬንያ በምንማርበት የአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ አባት የቆጠሩት በኢትዮጵያ ነው። የፈረንጆቹ ስድሳዎች በእኛ ከ1952 አጋማሽ እስከ 1962 ዓ.ም. ይደርሳሉ። የእኛ ስድሳዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1967 እስከ መስከረም 1977 ናቸው። ሁለቱ የሚገናኙት በሁለት ዓመት ከአራት ወር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ወላጅና ልጅ «የስድሳዎቹ ዘፈን» ሲሉ አንድ ቃል እየተናገሩ ሁለት ዘመን ያስባሉ። እኛም ሁለቱንም ዘመን ለማጥናት ወሰንን። ከዚህ በታች ያለው የተማርነው ነው።

ሶል ምንድን ነው?

ሶል የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ነው። ቃሉ «ነፍስ» ማለት ነው። ከቤተ ክርስቲያን መዝሙር የአዘማመር ስልቱን፣ ጥሪና ምላሹን፣ ከልብ የሚወጣውን ጩኸት ወስዶ ስለ ፍቅር፣ ስለ መለየትና ስለ ክብር የዘፈነ ነው። በዲትሮይት ከተማ ቤሪ ጎርዲ እ.ኤ.አ. በ1959 የመሠረተው ሞታውን የተባለ የሸክላ ድርጅት ይህን ሙዚቃ ለዓለም አዳረሰው። ኦቲስ ሬዲንግ ጽፎ በ1965 የዘፈነውን «ሪስፔክት» አሬታ ፍራንክሊን በ1967 እንደገና ስትዘፍነው የሴቶችና የጥቁሮች የመብት ጥያቄ መዝሙር ሆነ። የግጥሙ ፍሬ ነገር ያው ክብር መጠየቅ ነው፤ ጠያቂዋ ሴት ስትሆን ግን ትርጉሙ ተለወጠ። ይህን ልብ ብለን እንያዘው፤ ዘፈን ማን እንደዘፈነው ይለያያል።

ይህ ሙዚቃ ኢትዮጵያ የደረሰው በብዙ በር ነው። አሥመራ በነበረው የቃኘው የአሜሪካ ጦር ሰፈር የሬዲዮ ጣቢያ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የመጡት የሰላም ጓድ መምህራንም ሸክላዎቻቸውን ይዘው መጡ። የአዲስ አበባ ወጣት የጄምስ ብራውንንና የኤልቪስ ፕሪስሊን አለባበስና አዘፋፈን ይኮርጅ ጀመር።

ዩኒፎርም የለበሱ ድምፃውያን

ተማሪዎቻችንን በጣም ያስገረማቸው የዘመኑ ታላላቅ ድምፃውያን ብዙዎቹ የመንግሥት የጦርና የፖሊስ ክፍሎች ባልደረባ መሆናቸው ነው። የሙዚቃ መሣሪያ፣ ደመወዝና የልምምድ አዳራሽ የነበራቸው እነዚያ ክፍሎች ነበሩ። ጥላሁን ገሠሠ ከሀገር ፍቅር ቴአትር ወደ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተሻገረ። ብዙነሽ በቀለም የክቡር ዘበኛ ድምፃዊት ነበረች። ማሕሙድ አሕመድ በልጅነቱ ጫማ ጠርጓል፤ ኋላም አሪዞና በተባለ ክለብ በተላላኪነት ሲሠራ ዘፍኖ ተሰማና ክቡር ዘበኛ ገባ። ዓለማየሁ እሸቴ የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ድምፃዊ ነበር። በዘፈኖቹ ውስጥ ትራምፔት፣ ትሮምቦንና ሳክስፎን የሚበዙትም ስለዚህ ነው፤ መሠረታቸው የማርሽ ባንድ ነው።

ከዚያ በፊትም ታሪክ አለ። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የናስ መሣሪያ ባንድ ሆነው መጡ። አሠልጣኛቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። የእርሱ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው ቤት የአንድ ትውልድ ሙዚቀኞችን አስተማረ። እንግዲህ «የእኛ» የምንለው ሙዚቃ ውስጥ ስደተኛ ሆነው የመጡ ልጆች እጅ አለበት። ናይሮቢ ለምናድግ ልጆች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሸክላውን ያሳተመው ወጣት

በጊዜው ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ግን እ.ኤ.አ. በ1969 በራሱ ስም «አምሃ ሬከርድስ»ን አቋቁሞ ማሳተም ጀመረ። መታሰር ሊመጣ ይችል ነበር፤ ሆኖም አልተወም። ከቀዳሚዎቹ ሸክላዎች አንዱ የዓለማየሁ እሸቴ «ትማርኪያለሽ» ነው። አምሃ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትናንሽ ሸክላዎችንና 12 ትልልቅ ሸክላዎችን አሳተመ። 1969 በሁለቱም አቆጣጠር ስድሳዎቹ ውስጥ መግባቱን አንባቢ ልብ ይሏል፤ አባትና ልጅ የሚታረቁበት ዓመት ነው።

በ1966 ዓ.ም. አብዮት መጣ፤ ደርግ ሰዓት እላፊ ዐወጀ። ሙዚቃ የሚኖረው በሌሊት ስለሆነ ክለቦቹ ተዘጉ፤ አምሃም በ1975 አገር ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ዘፈኖቹ የቆዩት በሰው ቤት ነው፤ በሸክላ፣ በካሴት፣ በስደተኛ ሻንጣ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሲዲ እንደገና አሳትሟቸው ዓለም ሰማቸው።

እንዴት እናዳምጥ?

በክፍል ውስጥ ሦስት ነገሮችን ለየብቻ ማድመጥ ተለማመድን።

አንደኛው ምት ነው። ከኢምባካሲ ወደ መሐል ከተማ የሚሄድ ማታቱ ውስጥ የምንሰማው ሙዚቃ አብዛኛው በአራት ይቆጠራል። ብዙ የአማርኛ ዘፈን ግን በስድስት የሚቆጠር ጭክጭካ ነው፦ አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አራት-አምስት-ስድስት። በአንድና በአራት ላይ ስናጨበጭብ ትከሻችን ራሱ መንቀሳቀስ ይጀምራል። የሶል ተጽዕኖ የበዛባቸው ዘፈኖች ደግሞ ወደ አራት ይመለሳሉ። ቆጥሮ መለየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ቅኝት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት አራቱ ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ ይሠራሉ። ትዝታን ለመሞከር የሙዚቃ መምህር አያስፈልግም። በፒያኖ ላይ ከሦስቱ ጥቁር ቁልፎች ከመጀመሪያው ተነሥታችሁ ወደ ቀኝ አምስቱን ጥቁር ቁልፎች ብቻ ተጫወቱ። የምትሰሙት የትዝታ ሜጀር ነው። የዘመኑ አቀናባሪዎች ይህን አምስት ድምፅ በአሜሪካ ባንድ መሣሪያ አስጫወቱት። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላንና ፉከራን ወደ ሳክስፎን አመጣ። ጅማ ተወልዶ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን የተማረው ሙላቱ አስታጥቄ ቅኝቱን ከጃዝ ጋር አዋሐደ።

ሦስተኛው ቃሉ ነው፤ ለአማርኛ ክፍል ዋናው ይህ ነው። በእንግሊዝኛ የሶል ዘፈን ውስጥ ተፈቃሪው ወንድ ይሁን ሴት፣ ታላቅ ይሁን ታናሽ ከአንዲቱ ተውላጠ ስም አይታወቅም። «ትማርኪያለሽ» ግን በአንድ ቃል ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። የሚነገራት ሴት መሆኗን፣ ተናጋሪው እንደሚቀርባት እናውቃለን። ግሱ ማረከ ነው፤ በጦርነት ምርኮኛ መያዝ። ፍቅር እንደ ጦርነት ተነገረ ማለት ነው።

«አንቺ» ደግሞ ሁልጊዜ ሴት አይደለችም፤ አገርም አንቺ ናት። ሰምና ወርቅ ለለመደ አድማጭ ስለ ተለየች ወዳጅ የሚዘፈን ዘፈን ስለ ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዦች የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ካደረጉ በኋላ ጥላሁን ገሠሠም ለጊዜው ታስሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ አድማጭ በብሶት ዘፈኖቹ ውስጥ ወርቅ መፈለጉ አያስደንቅም።

ናይሮቢም ዘፍናለች

የምንኖርበት ከተማም በዚያው ዘመን የራሱ ዘፈን ነበረው። ፋዲሊ ዊሊያም የቀረጸው «ማላይካ» በሚሪያም ማኬባ ድምፅ ዓለምን ዞረ፤ ደራሲው ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። የስዋሂሊው «ማላይካ» እና የአማርኛው «መልአክ» ዘመዳሞች ናቸው፤ ስዋሂሊ ከዐረብኛ ወሰደው፣ ዐረብኛና አማርኛ ደግሞ ሴማዊ ቋንቋዎች ናቸው። ስለዚህ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስንዘፍነው ከቤታችን ቋንቋ ብዙ አልራቅንም።

ለምን አሁን?

ጥላሁን ገሠሠ በ2009 አረፈ። አምሃ እሸቴና ዓለማየሁ እሸቴ ሁለቱም በ2021 አረፉ፤ ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው። ዘፈኖቹን ስልክ ላይ ማግኘት ይቻላል። ስልክ የማይነግረን ግን ቤተሰባችን ዘፈኑን የት እንደሰማው፣ በማን ሠርግ እንደተጨፈረበት፣ የትኛው ቃል እንዳስለቀሰው ነው። ያን የሚያውቁት አባባና እማማ ናቸው፤ እነርሱን ካልጠየቅን ማንም አይነግረንም።

ስለዚህ ለዕረፍት የሚከተለውን ሥራ ሰጥተናል፤ ወላጆችም አብረው ቢሠሩት ደስ ይለናል።

1. አንድ ዘፈን ከትልቅ ሰው ጋር ሆናችሁ ሁለት ጊዜ አዳምጡ፤ መጀመሪያ ዝም ብላችሁ፣ ቀጥሎ እየጠየቃችሁ።
2. የወጣበትን ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ።
3. በስድስት ወይስ በአራት እንደሚቆጠር እያጨበጨባችሁ ለዩ።
4. የማታውቁትን አንድ ቃል መርጣችሁ ግሱንና ትርጉሙን አውጡ።
5. ድምፃዊውን ብቻ ሳይሆን የግጥሙን፣ የዜማውንና የቅንብሩን ባለቤት ፈልጉ። ብዙዎቹን ዘፈኖች ያቀናበረው ግርማ በየነ ለብዙ ዘመን ሳይታወቅ መኖሩን አስታውሱ።
6. ትልቁ ሰው የነገራችሁን ታሪክ በራሱ አነጋገር፣ ሳታስተካክሉ ጻፉ።

የምታመጡት ሁሉ በአንድ ደብተር ተሰብስቦ በክፍላችን መደርደሪያ ይቀመጣል። በመጪው ዓመት የሚመጡት ልጆች ከዚያ ጀምረው ይቀጥላሉ።