ስለ ቆላ ዝንብና ስለ ገንዲ በሽታ፤ በወላይታ ላሉ የወረዳ ሹማምንት የተሰጠ ትምህርት

በወላይታ ከሶዶ ደጋ ወደ ኦሞ ሸለቆና ወደ አባያ ሐይቅ ዳርቻ ሲወረድ፣ ምድሩ ለእርሻ የተመቸ፣ በሬ ግን የማይበረክትበት ስፍራ ይገኛል። ምክንያቱ ፄፄ የምትባለው ቆላ ዝንብ ናት። ደም ስትመጥ በዓይን የማይታይ ተውሳክ ታስተላልፋለች፤ ከብቱንም ገንዲ ይይዘዋል። ምልክቱም ይህ ነው፤ ከብቱ ይተኩሰዋል፣ ደሙ ያንሳል፣ ጠጉሩ ይቆማል፣ እየበላ ይከሳል፤ እርጉዝ ላምም ትጨነግፋለች። በሬው የሞተበት ገበሬ በእርሻ ወራት እጁን አጣጥፎ ይቀራል። በ2022 እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር የእንቅልፍ በሽታ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰዎች ላይ እንደገና ስለ ተገኘ፣ ነገሩ የከብት ብቻ አይደለም።

የዚህች ዝንብ ወገን እጅግ ጥንታዊ ነው። ዛሬ በሕይወት ያሉት ዝርያዎች መኖሪያቸው አፍሪካ ሲሆን፣ በአሜሪካ ፍሎሪሳንት በተባለ ስፍራ ከ34 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖሩት በድንጋይ ላይ ታትመው ተገኝተዋል። በኢትዮጵያ 5 ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ዋናይቱ ግሎሲና ፓሊዲፔስ ናት።

ይህን ያህል ዘመን ብትኖርም የምትሸነፍበት መንገድ አለ። ሌሎች ዝንቦች ብዙ እንቁላል ሲጥሉ፣ ቆላ ዝንብ በ9 ወይም በ10 ቀን አንድ ያደገ ትል ብቻ ትወልዳለች። ትሉም በጥላ ሥር ባለ ልል አፈር ተቀብሮ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከሴቶቹ በየቀኑ ከመቶ አራት ያህል ሳይቋረጥ ቢገደሉ፣ ወገኗ የጎደለውን መተካት አይችልም።

መግደያውም ቀላል ነው። ከሰማያዊና ከጥቁር ጨርቅ የተሠራ ወጥመድ፣ የከብት ሽንትና አሴቶን በብልቃጥ ተደርጎለት፣ ከብት ውኃ በሚጠጣበት ጫካ ዳር ይቆማል። ሁለተኛውም የዝንብ መድኃኒት በከብቱ ጀርባ ላይ ማፍሰስ ነው።

በዛንዚባር የኡንጉጃ ደሴት በ1990ዎቹ መካን ወንዶች ዝንቦች ተለቀው ቆላ ዝንብ ፈጽሞ ጠፍታለች። በ1997 የተጀመረው የደቡብ ስምጥ ሸለቆ ሥራም ይህንኑ ዘዴ አቅዶ ነበር። ነገር ግን ወላይታ ደሴት አይደለም፤ ዝንቢቱም የወረዳ ድንበር አታውቅም። አንዱ ወረዳ አጽድቶ ጎረቤቱ ቢተወው፣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ስለዚህ ሹማምንት ከጋሞና ከዳውሮ ወገኖቻቸው ጋር በአንድ ወራት እንዲሠሩ፣ ወጥመዱ እንዳይሰረቅና እንዳይቀደድ ጠባቂ እንዲያቆሙ፣ የታመመውም ከብት ሙሉ መድኃኒት በእንስሳት ሐኪም እጅ እንዲያገኝ ያድርጉ። ዝንቢቱ ስታንስ ሥራውን ማቆም እንደ ገና መጋበዝ ነው።