ከምንጣፉ በፊት ወለሉን፦ ጀብራ ቤት ለያዘ ልጄ

ልጄ፣ ካርቱም ውስጥ ጀብራ በሚባለው ሰፈር ቤት መከራየትህንና በወጣ ገባው ወለል ላይ ምንጣፍ ልታነጥፍ ማሰብህን ሰማሁ። እንኳን ለዚህ አበቃህ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በቅዳም ሥዑር ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ስንቱ የአገራችን ሰው ቤቱን ጥሎ በመተማ በኩል እንደ ወጣ ታውቃለህ። የሱዳን ጦር በ2017 ዓ.ም. ከተማዋን መልሶ ከያዘ ወዲህ የሚመለስ ሰው ቤቱን እንደ ነበረ አያገኘውም። በስደት ቤት ብዙ ነገር «ለጊዜው ነው» እየተባለ ይታለፋል፤ ካርቱም ግን ለጊዜው ብለው ገብተው ልጅ አሳድገው የዳሩባት ከተማ ናት። ወለልህን እንደሚኖርበት ሰው አስተካክል።

1. ከሁሉ በፊት ደኅንነት። በቤቱ ተዋጊ ሰፍሮበት ወይም ተተኩሶበት ከሆነ ፍርስራሹን በእጅህ አትቆፍር። የማታውቀውን ብረት አታንሳ፣ በእግርህም አትግፋ፤ ከግቢው ውጣ፣ ልጆችን አርቅ፣ ለጎረቤትና ለአካባቢው ባለ ሥልጣን ተናገር። ቦታው ፈንጂ በሚያመክኑ ባለሙያዎች ሳይታይ አንድ ንጣፍ እንኳ አታንሳ።

2. ወለሉ ለምን እንደ ተዛነፈ እወቅ። የካርቱም ምድር በብዙ ቦታ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ጥቁር ዓባይ ለዘመናት ከደጋችን እየጠረገ ያወረደው ጭቃ አለበት። እንደ አገራችን መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በክረምት ያነሣውን ንጣፍ በበጋ ይጥለዋል። ከተማዋ በረሃ አጠገብ ናት ብለህ ዝናቡን አትናቀው፦ በሐምሌ 1980 ዓ.ም. መጨረሻ በአንድ ቀን ገደማ 200 ሚሊ ሜትር ያህል ዘንቦ ካርቱምን አጥለቅልቋታል፤ ይህ ብዙውን ጊዜ በዓመት ከምታገኘው ይበልጣል። ሳያጣሩ ወሬ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይባላልና፣ መንስኤውን ሳታጣራ ሲሚንቶ አትግዛ።

3. የውሃውን ምንጭ አድርቅ። በመስኮቱ ላይ በውሃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ካለ ከሥሩ ጎንበስ ብለህ እይ፤ ሲንጠባጠብ የሚውል ከሆነ በዚያ ጥግ ያለው ወለል መዛነፉ አያስገርምም። የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ፣ የፍሳሽ ጉድጓዱን፣ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ የሚያርፍበትን ቦታ መርምር። የግቢው መሬት ውሃውን ከግድግዳው አርቆ እንዲያፈስ አስደልድለው። ይህን ዘለህ የምታፈሰው ሲሚንቶ ክረምቱን አይሻገርም።

4. ስንጥቁን ፈትነው። በስንጥቁ ላይ ትንሽ ጀሶ አሻግረህ ለጥፍና ቀኑን በእርሳስ ጻፍበት። ጀሶው ከተሰነጠቀ ወለሉ ገና እየተንቀሳቀሰ ነው። ስንጥቁ ከወለል ወደ ግድግዳ የወጣ ከሆነ ጉዳዩ የመሠረት ነው፤ መሐንዲስ ይየው።

5. በዓይንህ ሳይሆን በመሣሪያ ለካ። 2 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ስታጃ በወለሉ ላይ በየአቅጣጫው አጋድም፤ ከሥሩ የሚታየውን ክፍተት ለካና ጎድጓዳውንና ጉብታውን በጠመኔ ለይተህ አክብብ። እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያለውን ክፍተት ወፍራም ምንጣፍ ይችለዋል፤ ከዚያ በላይ ያለውን አስተካክል። ከክፍል ክፍል ለማነጻጸር ውሃ የሞላ፣ አረፋ የሌለበት ረጅም ግልጽ ቱቦ ይበቃሃል። ወለሉ ከፍ ሲል የበሩን መከፈት እንዳይከለክልም አስቀድመህ አስላ።

6. ጉብታውን ሳትቀንስ ጎድጓዳውን አትሙላ። የድሮውን የሲሚንቶ ንጣፍ በመዶሻ እጀታ ቀስ እያልክ ምታው። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከሥሩ ለቋል፤ አንሣው፣ አሮጌውን ድልድል ጥረግ፣ በአዲስ ሲሚንቶና አሸዋ መልሰህ አስቀምጠው። እንዲህ ስታደርግ ብዙው ወጣ ገባ ራሱ ይስተካከልልህ ይሆናል። የጸና ጉብታ ካለ በመፍጫ ይላግ፤ አቧራው ሳንባ ይጎዳልና አፍህንና አፍንጫህን ሸፍነህ ሥራ።

7. የምትሞላው እንዲይዝ አድርግ። አዲስ ሲሚንቶ በሰም፣ በዘይትና በአቧራ ላይ አይይዝም። ወለሉን እጠብ፣ የሚያንጸባርቀውን ገጽ ፋቅ፣ አርጥብ፣ የተጠራቀመውን ውሃ ግን ጥረግ። 2 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ለሆነ ጉድጓድ አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት ወይም በአራት እጅ ንጹሕ፣ ጨው የሌለበት አሸዋ ይበቃል። ለስስ ቦታ ይህ ድብልቅ ይፈረፈራል፤ ለማስተካከያ ተብሎ የተዘጋጀውን ዱቄት ግዛ። በጀሶ አትሙላ፤ ርጥበት ሲያገኘው ይለሰልሳል።

8. ፀሐዩን ፍራ። ካርቱም ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሞቅባቸው ወራት ሲሚንቶ ውሃውን ሳይጠጣ ይደርቅና ይሰነጠቃል። በማለዳ ሥራ፣ ጥቂት ጥቂት አቡካ፣ የሞላኸውን በእርጥብ ጆንያ ሸፍነህ ለ7 ቀን አርጥበው።

9. ርጥበቱ ሳይወጣ አትሸፍን። ለያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ቀን መቁጠር የቆየ ልማድ ነው። ከዚያም አንድ ቁራጭ ላስቲክ በወለሉ ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቀህ አሳድር። ሲነሣ ከሥሩ ካላበው ገና ነው፤ ቸኩለህ ብትሸፍነው ምንጣፉ ይሻግታል፣ ልጆችህም ያን ሽታ ሲተነፍሱ ያድራሉ።

10. ምንጣፉን በማጣበቂያ አትለጥፍ። ሃቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሣ አቧራው በተዘጋ መስኮትም ይገባል፤ የሚነሣ ምንጣፍ ይራገፋል፣ የተለጠፈ ግን ያከማቻል። በበሩ እንጨትና በግድግዳው ግርጌ የምስጥ መንገድ ካየህ አስቀድመህ አጥፋው። ከክረምት በኋላም በየዓመቱ ጠርዙን ገልጠህ ወለሉን እይ።

11. ሥራውን ከመጀመርህ በፊት ከባለ ቤቱ ጋር ተነጋገር። ምን እንደምትነካ፣ ወጪው ከኪራይ ይታሰብልህ እንደ ሆነ በዓረብኛ ተጽፎ፣ ምስክር ባለበት ይፈረም። ያላስፈቀድከው ጥገና ነገ የክርክር ምክንያት ይሆናል። ገንዘቡ ባይታሰብልህም ግን ሥራውን አታጓድል፤ በዚያ ወለል ላይ የሚድኸው ያንተ ልጅ ነው።